የጥድ ጉቶው ስባሪ

መምህር ፓን ሾውሄንግ የተገኙት ጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ብሩሻቸው ከእጃቸው ወድቆ ወረቀቱ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ነጠብጣብ ጥሏል። ከበር ላይ ሆኖ ላያቸው ሰው እንቅልፍ ያሸነፋቸው ሽማግሌ ይመስሉ ነበር፤ ከጆሮ ግንዳቸው በላይ ነጩን ፀጉራቸውን ያጣበቀው ደም ባይኖር።

ያገኟቸው ጠዋት ጠዋት የሩዝ ገንፎ የሚያመጡላቸው ጎረቤታቸው እትዬ ሉ ናቸው። ሳህኑን ደፍተው ወደ ቦዩ ዳር ሮጡ። ጩኸታቸውን የሰሙ ባለጀልባዎች መቅዘፊያቸውን ይዘው ቀጥ አሉ።

መርማሪ ፌንግ ሱቺንግ ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስትገባ፣ የባይታን ከተማ ፖሊስ ኃላፊ ሀን ምርመራውን በራሱ ሐሳብ ጨርሶ ሲጋራውን እያጨሰ ነበር። ፌንግ አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም፤ የሚያውቋት ሁሉ የሚፈሩት እሱን ነው።

«ያለቀ ነገር ነው» አላት ሀን። «መሣሪያው ይኸው፣ መሬት ላይ። ዕቃውን የሠራችው ሴትዮም ትታወቃለች፤ አሁን ፖሊሶቼ ሊያመጧት ሄደዋል። ነገ ጠዋት ለሸክላ ዐውደ ርእዩ የሆንግ ኮንግ እንግዶች ይገባሉ። ከዚያ በፊት ዝጊልኝ።»

«ሬሳቸው ገና አልተነሣም» አለች ፌንግ። «ሲጋራህን አጥፋና ውጣ።»

መሬት ላይ የወደቀው ነገር ከቡናማ ሸክላ የተሠራ የጥድ ጉቶ ነው። ጸሐፊ ብሩሹን የሚያሳርፍበት፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ። ቅርፊቱ ተሰነጣጥቋል፣ አንድ ቅርንጫፍ ከጎኑ ወጥቷል፣ ጉንዳን የበላው ቀዳዳ እንኳ አለው። ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ጓደኞቹ ናቸው፤ በኮክ ቅርጽ የተሠራ፣ ለቀለም መፍጫ ውሃ ማንጠባጠቢያ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ የሎተስ ቅጠል የመሰለ ብሩሽ ማጠቢያ፣ ወረቀት የሚጫኑ ኦቾሎኒዎች። የእኛ ከተማ ሸክላ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ ከዛፍና ከፍሬ ተምረው የሠሩት ዓይነት ዕቃ ነው። እነዚህ ግን አዲሶች ናቸው። ይህን ባይታን ውስጥ የማያውቅ የለም። የመምህሩ ጥንታዊ ዕቃዎች፣ ከአባት ከአያት የወረሷቸው፣ ወጣቶች ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው «አሮጌ ነገር ሁሉ ይውደም!» እያሉ ቤት ለቤት በሚዞሩበት ዘመን ተሰባብረው ቦዩ ውስጥ ተጥለዋል። እነዚህን ምትኮች የሠራችላቸው ቹ ዩንሺያ ናት፤ ያኔ ከወጣቶቹ አንዷ የነበረችው።

ፌንግ ተንበርክካ በጉቶው ላይ ያለውን ደም በጥፍሯ ነካ አደረገችው። እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሣ።

ወደ ሬሳው ተመለሰች። ፀጉራቸውን በሁለት ጣት ቀስ አድርጋ ከፈለችና ከቁስሉ ዳር አንዲት ስባሪ አወጣች፤ የሩዝ ፍሬ ታህል ነበር፣ ግን ሸክላ ናት። በአንድ በኩል ስብራቷ አዲስ ነው። በሌላው በኩል ጥቁር ቡናማና ለስላሳ፣ የብዙ ሰው መዳፍ ያሻሸው ዓይነት ወዝ አላት። ፌንግ መሬት ላይ ያለውን ጉቶ አንሥታ ዙሪያውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አንድም የጎደለ ቦታ የለውም።

ስባሪዋን በመሐረቧ ቋጥራ ኪሷ ከተተችና ጠረጴዛውን ደግማ አየች። የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ስኒ። አንድ ብቻ።

እትዬ ሉ ደጃፋቸው ላይ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መደረቢያቸውን እያጨማደዱ ነበር።

«ትናንት ምን ሰሙ፣ እትዬ?»

«ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ጮሁ። ‹ሌባ!› አሉ። ደግመው ‹ሌባ!› አሉ። እኔ መምህር ፓንን ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ቤታቸውን ሲገለብጡባቸው እንኳ ድምፃቸው አልወጣም።»

«ሄደው አላዩም?»

«ፈራሁ!» አሉ እትዬ ሉ፤ በራሳቸው ተናደው ጉልበታቸውን መቱ። «ያኔም ፈራሁ፣ አሁንም ፈራሁ። ዕድሜ ልኬን በዚህች ግድግዳ እየሰማሁ ስፈራ ልሞት ነው!»

ፌንግ «እንግዳ ሲመጣባቸው ሻይ ይቀዱ ነበር?» አለች።

«ምን ያለ ጥያቄ ነው? ለማንም! ያኔ ሊበረብሯቸው ለመጡት ልጆች ሳይቀር ‹ውጭ ይሞቃል፣ መጀመሪያ ሻይ ጠጡ› ብለዋቸዋል። ልጆቹ ሳቁባቸው።»

«ትናንት ግን የቀዱት ለራሳቸው ብቻ ነው።»

እትዬ ሉ ቀና አሉ። «እንግዲያ የመጣው ሰው ከነዚያም የባሰባቸው ነው።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ከትናንት ወዲያ የዐውደ ርእዩን ሰሌዳ እንዲጽፉ ጠርተዋቸው ነበር፤ የሳቸውን የመሰለ የእጅ ጽሕፈት ባይታን ውስጥ የለማ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ‹እትዬ ሉ፣ እንደገና ዘረፉኝ› አሉኝ። ምን ጠፋብዎት ብላቸው፣ ‹ምንም አልጠፋም፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ› አሉ። ገብቶኝ እንደሆን እሳት ይብላኝ።»

የመምህሩ የወንድም ልጅ ፓን ደሊን የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ዓይኑ ቀልቶ፣ የመጠጥ ሽታው ሳይለቀው መጣ።

«በይ ጠይቂኝ» አለ። «ለቤቱ ብዬ ገደልኳቸው? ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉን አይጥ በልቶታል። ይሽጡት እያልኩ ስጨቀጭቃቸው አገር ሰምቷል። እሳቸው ደግሞ ሻይ እየቀዱ ‹ጠጣና ጩኸትህን ቀጥል› ይሉኛል። አጎቴ እንደዚህ ናቸው... ነበሩ።»

«ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ?»

«ሐይቁ ዳር ሸርጣን እየበላን ነበር፣ የጋራዡ ሰዎች በሙሉ። ዘፍኜ ስላስመረርኳቸው ማንም አይረሳኝም።»

«አጎትህ የሚጠሉት ሰው ነበር?»

ደሊን ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ሊጠሉት የሚገባውን ሰው ብትጠይቂኝ ይሻላል። ያን ጊዜ ልጆቹን እየመራ ቤታቸው የገባው ታንግ ኬዌን ዛሬ ዳይሬክተር ነው፤ ዐውደ ርእይ ያዘጋጃል፣ ከሆንግ ኮንግ ሰዎች ጋር ፎቶ ይነሣል። መንገድ ላይ ሲያገኙት አጎቴ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉት ነበር። እኔ ነኝ ደሜ የሚፈላው።»

ዩንሺያ ጣቢያው ውስጥ ጠባብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ከሥራ ቦታዋ ስለጎተቷት ጭቃው እጇ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ግንባሯ ላይ ያለው መስመር ግን የሌላ ሰው ይመስላል።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄጄ ነበር» አለች። «ቀለም ፈጭቼላቸው ጀንበር ሳትጠልቅ ወጣሁ። ሲያዝኑ አየሁ እንጂ ምክንያቱን አልነገሩኝም። ኮኩን አንሥተው እያገላበጡ ‹አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ የለፋሽው በከንቱ ቢሆንስ?› አሉኝ። የተቀየሙኝ መሰለኝ። እያለቀስኩ ወጣሁ።»

«ያኔ ዕቃዎቹን የሰበርሻቸው አንቺ ነሽ?»

«ሰባሪው ታንግ ነበር። ዕቃዎቹን ከጠረጴዛው አፍሶ ወደ ማድ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ‹ይህ የእኔ ድርሻ ነው› አለን። ሲሰባበር ሰማን፤ እኛ ውጭ ሆነን እናጨበጭብ ነበር። ከዚያ ስባሪውን በቅርጫት አድርጎ ሰጠኝ። ቦዩ ውስጥ የደፋሁት እኔ ነኝ።»

«ስባሪው ምን ይመስል ነበር?»

«ምን ይመስላል? ስባሪ ነዋ።»

«አሁን ሸክላ ሠሪ ነሽ፣ ዩንሺያ። በያኔዋ ልጅ ዓይን ሳይሆን በዛሬው ዓይንሽ እይው። ቅርጫቱን ስትደፊ ምን አየሽ?»

ዩንሺያ ዓይኗን ጨፈነች። ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ስባሪው ውሃው ላይ ከመስጠሙ በፊት... «ያብለጨልጭ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ውስጥ ውስጡ ያብለጨልጫል፣ አረንጓዴ...» ድንገት ዓይኗ ተከፈተ። «ቅብ ነበረው! የመምህር ፓን ዕቃዎች ቅብ የላቸውም። ይህ ዓይነት ሸክላ ቅብ አይቀባም! ያ አትክልት በጨው የሚቀመጥበት ማሰሮ ነው። የደፋሁት የማሰሮ ስባሪ ነው!»

ከአግዳሚው ብድግ አለች።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለች ፌንግ። ድምፅዋ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። «እስከ ነገ ጠዋት።»

ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ዐውደ ርእዩ አዳራሽ ሄደች። ዳይሬክተር ታንግ ኬዌን ፀጉሩን ወደኋላ ያስተኛ፣ አዲስ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ነው። ወንበር ሳበላት፣ ሻይ አስቀዳላት።

«የመምህራችን ነገር ልቤን ሰበረው» አለ። «ያቺ ልጅ ድሮም ቁጡ ነበረች። እርስዎስ ያጠፋች ሰው ይቅር ሲባል ይበልጥ እንደሚመረር ሳያውቁ ይቀራሉ?»

«ብዙ ነገር አላውቅም» አለች ፌንግ። «እስቲ ዕቃዎችዎን ያሳዩኝ።»

በመሐል የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ቀይ ሐር ላይ፣ ጥንታውያኑ ዕቃዎች ተደርድረዋል። ኮኩ ጫፉ ላይ ሁለት ቅጠል አለው። የሎተሱ ቅጠል ደም ሥሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ፤ ትንሽ እንቁራሪት ጠርዙ ላይ ተጣብቃ ልትዘል የተዘጋጀች ትመስላለች። ኦቾሎኒዎቹን ሰው ከማሳ ነቅሎ የጣላቸው ነው የሚመስሉት። ጥድ ጉቶውም አለ። ከሥራቸው ያለው ጽሑፍ «ከዳይሬክተር ታንግ ኬዌን አያት ጽሕፈት ጠረጴዛ» ይላል።

«አያትዎ ጸሐፊ ነበሩ?»

«በትርፍ ጊዜያቸው» አለ ታንግ ፈገግ ብሎ።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«አንድ ብቻ ነው፣ እኔው ኪስ ውስጥ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማን አምነው ይሰጣሉ?»

ፌንግ ጎንበስ ብላ አየች። ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ ያማረ ፊታቸው ወደ ተመልካች ነው። ጉቶው ብቻ ቅርንጫፉን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ስባሪዋ በኪሷ ውስጥ እያለች፣ እጇ መስታወቱን ሊሰብር ፈለገ። አልሰበረችውም። ይህ ሰው ሁለት ጊዜ በተዘጋ በር ጀርባ የፈለገውን አድርጓል፤ ሦስተኛው በር ሲከፈት ሰው ሁሉ ቆሞ ማየት ነበረበት። ከበሩ ውጭ የምትተማመንባቸውን ሁለት ፖሊሶች አቆመችና ሳጥኑን ማንም እንዳይነካ አዘዘች።

በማግስቱ ጠዋት የሆንግ ኮንግ እንግዶች አውቶቡስ ሲደርስ፣ የአዳራሹ በር ተዘግቶ አገኙት። ሀን ላብ አጥምቆት ወደ ፌንግ ሮጠ።

«ምን ማድረግሽ ነው? እንግዶቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል!»

«ይቁሙ» አለች። «አንድ ሽማግሌ ደግሞ በረዶ ላይ ተኝተዋል።»

ውስጥ እትዬ ሉ፣ ደሊን፣ ዩንሺያ፣ የአዳራሹ ሠራተኞችና ታንግ በመስታወቱ ሳጥን ዙሪያ ቆመዋል። ፌንግ በደም የተቀባውን አዲሱን ጉቶ ከከረጢት አውጥታ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«መምህሩ በዚህ ተመቱ ተባልኩ። አልተመቱም። ይህ ሸክላ ቅብ ስለሌለው እርጥብ ነገር ይጠጣል። ትኩስ ደም ቢያርፍበት ኖሮ ዘልቆት ነበር። ደሙ ግን ላዩ ላይ ተለጥፎ ይፈረፈራል፤ መርጋት ከጀመረ በኋላ ነው የተቀባው። ገዳዩ ከገደለ በኋላ ቆሞ አስቧል፤ ይህችን ሴት ለማስያዝ።»

መሐረቧን ፈታች። «ይህች ከመምህሩ ፀጉር ውስጥ ወጣች። ከሸክላ ላይ የተሰበረች ቅርንጫፍ ጫፍ ናት። አዲሱ ጉቶ ምንም አልጎደለውም። ስባሪዋም አሮጌ ናት፣ ወዟን እዩት። እንግዲህ መምህሩ የተመቱት በጥንታዊ ጉቶ ነው። ባይታን ውስጥ ግን የጥንቱ ጉቶ ተሰብሮ ቦይ ገብቷል፤ አይደለም?»

«አልገባም» አለች ዩንሺያ። ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። «የደፋሁት ማሰሮ ነው። ቅብ ነበረው። ታንግ በሩን ዘግቶ የሰበረው የማድ ቤት ማሰሮ ነው!»

ሰው ሁሉ ወደ ታንግ ዞረ። ታንግ ኮቱን አስተካከለ። «የተጠረጠረች ሴት ናት የምትናገረው። መርማሪ፣ እነዚህ የአያቴ ዕቃዎች ናቸው።»

«የአያትህ?» ደሊን ሳያስበው ወደፊት ወጣ። «አንተ አይደለህም ያኔ መድረክ ላይ ወጥተህ ‹ዘር ማንዘሬ ጀልባ ቀዛፊ ነው፣ ቤታችን ጠረጴዛ ገብቶ አያውቅም› ብለህ የማልከው? በዚያ አይደል መሪ የሆንከው? አገር ሁሉ አጨብጭቦልሃል! አያትህ የጻፉት በመቅዘፊያ ነው?»

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁን ሊውጠው ሞክሮ አቃተው። ሳቁ ወዲያው ሞተ።

«መምህሩ ሰሌዳ ሊጽፉ እዚህ መጡ» ቀጠለች ፌንግ። «የገዛ ዕቃዎቻቸውን በሌላ ሰው ስም አዩ። ‹ምንም አልጠፋም፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ› አሉ። ተሰበረ ብለው አልቅሰው የቀበሩት ነገር ሌባው ቤት ደህና ተቀምጦ ነበር። በማግስቱ ጀንበር ስትጠልቅ አንድ ሰው ቤታቸው መጣ። ለወንድማቸው ልጅ እየጮኸባቸውም ሻይ ይቀዳሉ። ለዩንሺያ ይቀዳሉ። ለዚህ ሰው አልቀዱም። ሰውዬው ከጥንቱ ዕቃ አንዱን ይዞ መጥቷል፤ ዝም እንዲሉለት መደለያ። ወደ ቤቱ ጥንታዊ ጉቶ የሚገባበት ሌላ መንገድ የለም፤ ቁልፉም ያለው አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። መምህሩ ‹ሌባ› አሉት። ፊታቸውን አዙረው ብሩሻቸውን አነሡ። እሱም ከኋላ መታቸው። ከዚያ የጥንቱን ይዞ ተመለሰ፤ ሳጥኑ ውስጥ ባዶ ቦታ እንዳይታይ።»

ወደ ታንግ ተጠጋች። እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ስትለው ነበር።

«ቁልፉን አምጣ፣ አንተ።»

ታንግ ወደ ሀን አየ። ሀን ሲጋራውን ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ፤ ዓይኑን ግን አላነሣም። ታንግ ቁልፉን ሰጠ።

ፌንግ ጉቶውን አዞረችው። የቅርንጫፉ ጫፍ የለም፤ ስብራቱ በቀለምና በሰም ተሸፍኗል። ሰሙን በጥፍሯ ገፋ ስታደርገው አዲሱ ስብራት ታየ፤ በዳሩም ሸክላው የጠጣው፣ እጥበት ያልወሰደው ጠቆር ያለ እድፍ። ስባሪዋን አስጠጋቻት። ገጠመች።

«ዕቃ ሲጓጓዝ የተሰበረ ነው» አለ ታንግ። «አውራጆቹ ናቸው...»

«እንግዲያ ስባሪው አዳራሽህ ወለል ላይ ይገኝ ነበር። ሬሳ ፀጉር ውስጥ ምን አገባው?»

ያኔ ታንግ ጮኸ። «ባልደብቃቸው ኖሮ ይሰበሩ ነበር! ሌሎቹ ይሰብሯቸው ነበር! ያዳንኳቸው እኔ ነኝ! አንዱን መልሼ ልሰጣቸው ሄድኩ፤ እሳቸው ግን ‹ሁሉንም፣ ያደረግኸውንም በሰው ፊት ተናገር› አሉኝ። በሰው ፊት! ይህን ሁሉ ከገነባሁ በኋላ!»

«አሁንማ ተናገርከው» አለች ፌንግ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ እትዬ ሉ ከመንገዱ አልተነሡለትም። ዞሮ እንዲያልፍ ተገደደ።

ደሊን ከሳጥኑ ሥር ያለውን ጽሑፍ ቦጭቆ አወጣው፣ አራት ላይ ቀደደው፣ ያም አልበቃውም፤ መሬት ላይ ጥሎ ረገጠው። ሀን «እንግዶቹን ላስገባ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ፌንግ በጀርባው በር ወጣች።

ፌንግ ዩንሺያን ከአዳራሹ ጀርባ፣ ቦዩ ደረጃ ላይ ቆማ አገኘቻት። ስትወጣ የከበሩትን ዕቃዎች አልነካቻቸውም።

«ምንም አልሰበርሽም» አለቻት ፌንግ። «ይህን ሁሉ ዓመት ባልሠራሽው ነገር ነው የተቃጠልሽው።»

ዩንሺያ በቁጣ ዞረች። ፊቷ ላይ እንባ አልነበረም።

«እንዲህ አይበሉኝ! ማሰሮ መሆኑን መች አወቅሁ? የሳቸው ነገር ነው ብዬ ነው የደፋሁት። በሩ ጀርባ ሲሰባበር በእጄ አጨብጭቤያለሁ። ያን ቀን እንዲሰበር ፈልጌ ነበር፣ ይገባዎታል? ደስ ብሎኝ ነበር! ታንግ ሰርቋል፤ ደስታው ግን የእኔ ነበር። እሳቸው ይህን ያውቁ ነበር። እያወቁ ሻይ ይቀዱልኝ ነበር።»

የሸክላ ጭነት የያዘች ጀልባ እየተንገራገጨች አለፈች፤ ማዕበሏ ደረጃውን መታው፣ የሁለቱንም ጫማ አረጠበ። አንዳቸውም እግራቸውን አላነሡም።